አርባ ሰከንድ

በ1970ዎቹ በእኛ ጉለሌ ላም የሌለው ግቢ በጣት ይቆጠር ነበር። ከእንቁላል ፋብሪካ ሽቅብ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያም በሩፋኤል በኩል እስከ እንጦጦ ግርጌ ድረስ፣ ማለዳ ከቅዳሴው ዜማ እኩል የሚሰማው የላም እምቧታ ነው። የኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ተደባልቆ ሰፈሩ ላይ ይተኛል። አተላ በባልዲ የተሸከሙ እናቶች ከጠላ ቤት ይመለሳሉ። የሱሉልታ ድርቆሽ የጫኑ አህዮች ከእንጦጦ ጀርባ ብቅ ብለው በጎጃም መንገድ ቁልቁል ይወርዳሉ። ወተቱ ገና ትኩስ እያለ በጣሳ እየተለካ ለጎረቤት ይከፋፈላል፤ በጾም ወራት ተንጦ ቅቤ ይሆናል። የብዙዎቻችን የደብተርና የጫማ ገንዘብ የወጣው ከዚያ ጣሳ ነው።

ኮርማ ያለው ቤት ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። ኮርማ ይበላል እንጂ አይታለብም፤ ለጠባብ የከተማ ግቢም የሚያስፈራ እንስሳ ነው። ላም ስትፈልግ ያለው ምርጫ ሁለት ነበር፦ ወይ ላሟን በገመድ ይዞ ዳገቱን ተሻግሮ ኮርማ ወዳለው ገበሬ መንዳት፣ ወይ ኮርማውን ለምኖ ማስመጣት። ዋጋ ይከፈላል፤ ገንዘብ ያጠረው በድርቆሽ ወይም በወተት ይስማማል። ኮርማው የማን ልጅ እንደሆነ፣ እናቱ በቀን ስንት ትታለብ እንደነበር የሚጠይቅ የለም። ቁመናው ካማረና ሻኛው ከተደላደለ ይበቃል። ከላም ወደ ላም ሲዘዋወር በሽታም ይዞ ይዘዋወር ነበር። አንዳንድ ክረምት በአንድ መንደር ላሞች ተከታትለው ሲያስወርዱ ሰው የሚያሳብበው በሰው ዓይን ወይም በመጥፎ ሣር ላይ ነው። ኮርማውን የጠረጠረ አልነበረም።

እናቴ ቡሬ የምትባል ጥቁርና ነጭ ላም ነበረቻት፤ የፈረንጅ ደም ያላት ድቅል። እንዲህ ያሉ ላሞች አዲስ አበባ ጓሮ የደረሱበት መንገድ ረጅም ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት አማካይነት የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ለኢትዮጵያ ተሰጥተው ሾላ ላይ የወተት እርባታ ተጀመረ። የሾላ ስም እስከ ዛሬ በወተት ላስቲክ ላይ የቀረው ከዚያ ነው። ድቅሎቹ ከጊዜ ብዛት በከተማዋ ጓሮዎች ተሰራጩ። የጉለሌ ብርድ ተስማማቸው፤ ሐበሻ ላም ከምትሰጠው ብዙ እጥፍ ይታለቡ ጀመር። ታዲያ እንዲህ ያለችውን ላም ለተገኘው ኮርማ ሁሉ መስጠት የምትወልደውን ወደ ኋላ መመለስ ነበር። ሰው ይህን ሲረዳ ነው ከኮርማ ይልቅ በታሸገ ዘር ወደሚያዳቅለው ባለሙያ፣ ወደ አዳቃዩ፣ ፊቱን ያዞረው።

አዳቃዩን ሰፈሩ ሁሉ «ሐኪም» ነው የሚለው። በሞተር ብስክሌት ይመጣል፤ ከኋላው አንገቱ ጠባብ የሆነ የአልሙኒየም ዕቃ ታስሯል። ክዳኑ ሲነሣ ነጭ ጭስ እየተንከባለለ ወደ መሬት ይወርዳል፤ እኛ ልጆች ለማየት እንጋፋለን፣ እሱ ያባርረናል። ከዕቃው ሌላ ሁለት ነገር ከኪሱ አይለይም ነበር፤ ቴርሞሜትርና የእጅ ሰዓት። «እትዬ፣ እስቲ ሙቅ ውኃ» ይላል። እናቴ ለቡና ከጣደችው ታመጣለች። እሱ በብርጭቆ እየቀዳ፣ ቀዝቃዛ እየጨመረ፣ ቴርሞሜትሩን እየነከረ ያያል። ልኩ እስኪመጣለት አይቸኩልም። ከዚያ ክዳኑን ከፍቶ በረጅም ወረንጦ ዘሩ የታሸገባትን ቀጭን ቱቦ መዝዞ ውኃው ውስጥ ይጨምርና ሰዓቱን ያያል። በዚያች አርባ ሰከንድ ማንም አይናገርም፤ የተናገረ ሰው ካለ በእጁ ምልክት ዝም ያሰኘዋል። ከፀሐይ ዞሮ፣ ቱቦዋን በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ፣ ዘሩን ወደ ላሟ የሚያስገባበትን የብረት መወጊያ በመዳፉ አሽቶ አሙቆ ነው የሚጭናት። ሥራውን ሲጨርስ በካርድ ላይ የላሟን ስም፣ የኮርማውን ቁጥርና ቀኑን ይጽፋል።

ከእናቴ ጋር ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት በሰዓት ነበር። ጠዋት ስትፈልግ ያየሃትን ላም ማታ፣ ማታ ያየሃትን በማግሥቱ ጠዋት ማዳቀል ደንብ ነው። እንቁላሉ የሚለቀቀው ላሟ መፈለጓን ካቆመች ብዙ ሰዓት ቆይቶ በመሆኑ፣ ዘሩ ቀደም ብሎ ቦታው ደርሶ መጠበቅ አለበት፤ እጅግ ከቀደመም አርጅቶ ይሞታል። እናቴ ያን ሁሉ ባታውቅም ያየችውን በትክክል ትናገር ነበር። «ሌሎቹ ሲወጡባት ዝም ብላ መቆም የጀመረችው ለጸሎት ስነሣ ነው» ትላለች። ሐኪሙ ለዚያች ቃል ከማንኛውም ሰነድ የበለጠ ክብር ይሰጥ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ሌሊት ተነሥታ በረት የምታየው፣ ጥርት ያለውን ልጋግ በላሟ ጅራት ላይ የምታስተውለው፣ ወተት የቀነሰችበትን ጠዋት የምታውቀው እሷ ነበረች።

በኋላ የእንስሳት ሙያ ስማር ያ ዕቃ ይዞት የነበረው ታሪክ ምን ያህል እንደሆነ ገባኝ።

ሰው ሠራሽ ማዳቀል በእኛ ምድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1938 አስመራ ላይ ነው፤ ጦርነቱ አቋረጠው፣ በ1952 እንደገና ተነሣ። ከዚያ በስዊድን እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰው «ካዱ» የሚለው፣ አርሲ ላይ ለገበሬው አደረሰው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ቃሊቲ ላይ ብሔራዊው የሰው ሠራሽ ማዳቀል ማዕከል ተቋቋመ። ስሙና አደረጃጀቱ ከዚያ ወዲህ ተለዋውጧል፤ ሆለታ ላይ የኮርማ እናቶች የሚረቡበት ጣቢያም አለው። ለጉለሌ ሐኪም ቱቦ የሚመጣለት ከቃሊቲ ነበር፤ ከከተማዋ ደቡብ ጫፍ ወደ ሰሜን ጫፏ።

ዘርን በብርድ የማቆየት ነገር በዓለምም ቢሆን ያረጀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1939 አሜሪካዊው ፖል ፊሊፕስ የእንቁላል አስኳል የኮርማን ዘር ከቅዝቃዜ ድንጋጤ እንደሚጠብቅ አሳየ፤ ዘሩ ለቀናት መቆየት ቻለ። በረዶ ሆኖ ለዓመታት መኖሩ ግን የመጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ ክሪስቶፈር ፖልጅ፣ ኦድሪ ስሚዝና አላን ፓርክስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከሠሩት ሥራ ነው። የአውራ ዶሮ ዘር በስኳር ውሕድ ውስጥ ለማቀዝቀዝ ሲሞክሩ አልሆነም፤ ወራት ቆይተው ከማቀዝቀዣ ያወጡትን ጠርሙስ ሲሞክሩ ግን በድንገት ተሳካ። ጠርሙሱ ሲመረመር የተባለው ስኳር አይደለም፤ ግሊሰሪን ነበረበት። ብዙዎች በእንዲህ ያለ ጊዜ ጠርሙሱን ይደፉ ነበር። እነሱ ምን እንዳለበት ለማወቅ ተቀመጡ። በ1952 ፖልጅና ራውሰን በረዶ በሆነ የኮርማ ዘር ላሞች እንደሚያረግዙ አሳወቁ። ፈረንሳዊው ሮቤር ካሱ ደግሞ ዘሩ የሚታሸግባትን የፕላስቲክ ቱቦ ለዓለም አደረሰ። ዛሬ የምናውቃት ሩብ ሚሊ ሊትር የምትይዘው ናት።

ታዲያ ዘርን በረዶ ማድረግ ማለት መጉዳት ማለት እንደሆነ መዘንጋት የለበትም። በኅዳር ውርጭ የመታው የባቄላ ቅጠል ፀሐይ ሲወጣ ጠቁሮ የሚጠወልገው በውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ሠርቶ ስለሚቀደድ ነው፤ በዘሩ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ግሊሰሪኑ የሚገባው ውኃው ስለት እንዳያወጣ ነው፤ አስኳሉ ደግሞ የሕዋሱን ሽፋን እንዲጠብቅለት ነው። እንዲያም ሆኖ በጥሩ ላቦራቶሪ እንኳ ከዘሩ ግማሽ ገደማው አይተርፍም። ለዚህ ነው አንዲት ቱቦ ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ዘር የሚታሸገው። ለዚህም ነው ከእያንዳንዱ ዙር ናሙና ተሟሙቶ በማይክሮስኮፕ ታይቶ፣ በተለመደው መለኪያ ቢያንስ 40 በመቶው ወደ ፊት ካልዋኘ ያ ዙር በሙሉ የሚጣለው።

ጥራቱ የሚጀምረው ደግሞ ከማቀዝቀዣው ብዙ ቀድሞ ነው። በኮርማ አካል ውስጥ አንድ ዘር ለመሠራት 61 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ከዚያም በቆለጡ ላይ ባለው ቱቦ ሲጓዝና ሲበስል ተጨማሪ ቀናት አሉት። ዛሬ ኮርማው ትኩሳት ቢይዘው፣ በሙቀት ቢጨነቅ፣ መኖው ቢበላሽ፣ ጉዳቱ የሚታየው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ቆለጡ ከገላው ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ዝቅ ብሎ መኖር አለበት፤ ስብ ሲሞላው ይህ ይበላሻል። ስለዚህ ለትዕይንት የደለበ ኮርማ ለማዕከል ጥሩ ኮርማ አይደለም። ዘሩ ሲሰበሰብ ሰው ሠራሹ ብልት ከ42 እስከ 45 ዲግሪ መሞቅ አለበት፤ ዘሩ የሚያርፍበት ብርጭቆ ካልሞቀ ገና በመጀመሪያዋ ደቂቃ ይደነግጣል። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ 5 ዲግሪ ይወርዳል፣ ሰዓታት ይቆያል፣ በናይትሮጅን እንፋሎት ላይ ይረጋል፣ በመጨረሻም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይነከራል። እዚያ ከገባ ጊዜ ይቆምለታል፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት ቢቀመጥ ችግር የለበትም።

ያኔና ዛሬ በላቦራቶሪ በኩል የሚነጻጸሩ አይደሉም። ያኔ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ አጎንብሶ፣ ስንት በመቶው እንደሚዋኝ በዓይኑ ገምቶ ይጽፋል፤ አንዱ 60 ያለውን ሌላው 45 ሊለው ይችላል። ዛሬ ኮምፒውተር የእያንዳንዱን ዘር ፍጥነትና አካሄድ ይለካል። ያኔ የማቀዝቀዙ ፍጥነት በሰው ልምድ ይጠበቃል፤ ዛሬ ልኩ የተሞላለት ማሽን ዲግሪ በዲግሪ ያወርደዋል። በእንቁላል አስኳል ፈንታ ከአኩሪ አተር የሚወጣ ሌሲቲን የሚጠቀሙ አሉ፤ አስኳል ከዶሮዋ ባክቴሪያ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ የአንዱ ቀን አስኳልም ከሌላው ቀን ጋር አይመሳሰልም። ለባክቴሪያው አንቲባዮቲክ ይጨመራል። ሲረጋና ሲሟሟ በሚፈጠረው ጎጂ ኦክሲጅን እንዳይቃጠል ቫይታሚን ኢ እና ግሉታታዮንን የመሳሰሉ መከላከያዎች ይሞከራሉ። ሴት ጥጃ የሚሰጠውን ዘር መለየትም ተችሏል፤ የሴቷ ክሮሞሶም የጫነው ዘር ከወንዱ ይልቅ 3.8 በመቶ ያህል ይበልጥ የዘር ውርስ ስለሚይዝ በማሽን ይለያል፣ ከ10 ጥጃ 9ኙ ሴት ይሆናሉ። ያ ዘር ግን በማሽኑ ሲያልፍ የተንገላታ፣ በቱቦዋ ውስጥም በቁጥር ያነሰ ነው። ከተራው ይልቅ እጅግ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ እያየሁ የምደነቅ ሰው ነኝ። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የሚባለው መርሐ ግብር ሲታወጅ ወተት የአገር ጉዳይ ሆኖ መነሣቱ አስደስቶኝ ነበር፤ አሁንም ያስደስተኛል። የምጨነቀው ቱቦዋ ከማዕከሉ ከወጣች በኋላ ስላለው ነገር ነው።

እህቴ እስከ ዛሬ ጉለሌ ናት፤ በእናታችን ግቢ ላሞች አሏት። አንድ ቀን እዚያው ሳለሁ አዳቃዩ መጣ፤ ወጣት፣ ትሑት፣ ፈገግታው የማይለየው ልጅ ነው። እህቴ እንደ ልማዷ «ልጄ፣ ሙቅ ውኃ ላምጣልህ?» አለችው። «አይ እትዬ፣ ብብቴ ይበቃል» አለና ቱቦዋን ከዕቃው አውጥቶ ሸሚዙ ውስጥ ከተታት። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ሌላ ላም የሚጠብቀው ሰው ነበር የደወለው። መንገዱን ሲያስረዳ፣ ሰዓቱን ሲደራደር ቆየ። ቱቦዋ በብብቱ ውስጥ ናት። ስትወጣ የተሟሟች ትመስላለች፤ እህቴም ምንም አልጎደለም ብላ ነው ያመሰገነችው።

ሊጎዳት የሚችለው ዝግታው ነው። ዘሩ በዝግታ ሲሞቅ ትንንሾቹ የበረዶ ቅንጣቶች እርስ በርስ እየተጣበቁ ትልልቅ ይሆናሉ፤ ሲረጋ የተረፈው ሲሟሟ ይቀደዳል። ከ35 እስከ 37 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ግን ያንን አደገኛ ቦታ በቅጽበት ያሻግረዋል፤ 40 ሰከንድ ይበቃዋል። ከሟሟ በኋላም ነገር አለ። የጉለሌ ማለዳ ቀዝቃዛ ነው፣ መወጊያው ብረት ነው፤ ሳይሞቅ ቢጫን ዘሩ እንደገና ይደነግጣል። ቱቦዋ ሳትደርቅ ብትቆረጥ በጫፏ ላይ ያለችው የውኃ ጠብታ ትገባለች፤ ንጹሕ ውኃ ለዘር መርዝ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ አንዱን ለማውጣት ሌሎቹ የታሠሩበት ኩባያ ከዕቃው አንገት በላይ ተነሥቶ ሲፈለግ ይቆያል። አንገቱ አካባቢ ያለው ሙቀት ከውስጡ እጅግ የተለየ ነው። ያልተመረጡት ቱቦዎች እዚያ ጥቂት ሰከንድ ቆይተው ይመለሳሉ፤ በረዶ ሆነው ነው የሚመለሱት፣ ግን ቆስለው። ጉዳቱ በዓይን አይታይም፤ ናይትሮጅኑም አያድናቸውም። በማግሥቱ የሌላ ሴት ላም ላይ ነው የሚታየው።

ወጣቱን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልወቅሰውም። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ሰፈር ሰፊ ነው፤ ቴርሞሜትሩ ሲሰበር የሚተካለት የለም፤ ናይትሮጅኑ በሰዓቱ ካልተሞላ ቱቦዎቹ ሁሉ በአንድ ቀን ያልቃሉ። ለስንት ላም እንደደረሰ ይጠየቃል። ስንቷ እንደያዘች ግን ጠይቆት የሚያውቅ አለቃ የለውም። ቱቦዎቹ ከተከፋፈሉ በኋላ ከየዕቃው ናሙና አንሥቶ በማይክሮስኮፕ የሚያያቸው የለም፤ ከቃሊቲ በወጡበት ቀን ጥሩ ነበሩ፣ በዚያው ጥሩ ተብለው ይኖራሉ። የእኛ የድሮው ሐኪም ያን ያህል የሚጠነቀቀው ቱቦ ውድና ጥቂት ስለነበረ ሊሆን ይችላል። አሁን ቱቦ በዝቷል፤ ጥንቃቄው ግን ሳስቷል።

የድሮውን ሁሉ ማሞገስ አልፈልግም። ሐኪሙ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ አይመጣም ነበር፤ ላም ደግሞ ሰንበት አታውቅም። ቅዳሜ ማታ የፈለገች ላም ሌላ 21 ቀን ትጠብቃለች፤ የ21 ቀን መኖ ትበላለች፤ ጥጃዋም ወተቷም በዚያው ያህል ይዘገያሉ። እናቴ ስንት ጊዜ በበዓል ቀን በር ላይ ቆማ እንደጠበቀች አስታውሳለሁ። ካርዱ ላይ የተጻፈው የኮርማ ቁጥርም ሄዶ የት እንደደረሰ አናውቅም፤ የዚያ ኮርማ ሴት ልጆች ስንት ታለቡ ብሎ የመጣ ሰው በሕይወቴ አላየሁም። ዛሬ ስልክ አለ፤ ቢሆንም የሰንበቱ ነገር በብዙ ቦታ እንደነበረ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ላሟ ላይ የሚደርሰው ነው። ስትደገም፣ ስትደገም፣ ስትደገም «መክናለች» ትባላለች። የአንዲት ጎረቤታችን ላም እንዲህ ተብላ ነበር። ለፋሲካ ቅርጫ ልትታረድ ገበያ ስትወጣ የሱሉልታ ገበሬ ለሥጋ በሚከፈለው ዋጋ ገዛት። በቤቱ ኮርማ ነበረው። ዓመት ሳይሞላ ሰውዬው ድርቆሽ ሊሸጥ ወርዶ «እትዬ፣ ላምሽ ወለደችልኝ» አላት። ደስ የሚላት መስሎት ነበር የነገራት። እሷ ግን ቁጭ አለች። በዚያች ላም ወተት ነበር የልጅ ልጇን የምታስተምረው። ከአንዲት ላም ተነሥቶ ሁሉን መፍረድ አይቻልም፤ ላም በመኖ ማጣትም፣ በማኅፀን በሽታም፣ በሰዓት ስህተትም ልትደግም ትችላለች። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው፦ በዚያ ሁሉ መደጋገም ቱቦዋን የጠረጠረ አንድም ሰው አልነበረም። ድሮ ኮርማውን እንዳልጠረጠርን ሁሉ።

ጉለሌ ራሷ ተለውጣለች። ላም የነበረባቸው ግቢዎች ኪራይ ቤት ሆነዋል፤ የቀሩትም ላሞች ከወለል እስከ ጣሪያ በተዘጋ ጋጣ ውስጥ ተራራውን ሳያዩ ያረጃሉ። ድርቆሹ ከሱሉልታ በአህያ አይወርድም፣ በአይሱዙ ነው የሚመጣው፤ ሣሩ የበቀለበት መስክ ብዙው አጥር ገብቶበታል። ፉርሽካና ፋጉሎ የሚገዛበትን ዋጋ ለመጻፍ እንኳ ይከብዳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንዲት ላም አንድ ዙር መሳቷ የሚያደርሰው ኪሳራ ያኔ ከነበረው በብዙ ይበልጣል። እናቴ ቡሬ ስትደግም ታዝናለች፤ እህቴ ላሟ ስትደግም ትበደራለች።

ሌላም የተለወጠ ነገር አለ። በረት የሚያድሩት፣ የፈለገችውን ላም ከሁሉ በፊት የሚያዩት ዛሬም ሴቶቹ ናቸው። ሥልጠና ሲመጣ የሚጠራው ግን በቤቱ ካርታ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ ላሟ በስንት ሰዓት መቆም እንደጀመረች የማያውቅ ሰው። የድሮው ሐኪም ከእናቴ አፍ ይጠብቃት የነበረችው ቃል አሁን በስልክ ጥሪ ውስጥ ጠፍታለች፤ «ላሜ ፈልጋለች» ይባላል፣ «ከመቼ ጀምሮ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይከተልም።

ቱቦዋን ለሚያከፋፍሉ ሁሉ የምለው አለኝ። ለአዲስ ማሽን የሚወጣው ገንዘብ አይቆጨኝም፤ ይውጣ፣ ያስፈልጋል። ነገር ግን ከእያንዳንዱ አዳቃይ ዕቃ በዓመት ጥቂት ቱቦ ተነሥቶ ይታይ፤ ናይትሮጅኑ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደቀረው በየሳምንቱ በዘንግ ተለክቶ ይጻፍ፤ አዳቃዩ በያዘችለት ላም ይመዘን፤ ሥልጠናው በረት ለሚያድሩት ይድረስ። በላቦራቶሪ ውስጥ ለአንድ በመቶ ሕያው ዘር የሚደረገው ድካም በበረት ደጃፍ ላይ በአንድ የስልክ ጥሪ እየጠፋ ነው።

ላም ላላችሁ ደግሞ፣ ለጉለሌም ሆነ ለሌላው ሰፈር ሰው፦ አዳቃዩ ሲመጣ ሙቅ ውኃውን እናንተ አዘጋጁ። ልኩ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ይሁን፤ ቱቦዋ 40 ሰከንድ ትቆይ፤ ከውኃው ስትወጣ ትድረቅ፤ መወጊያው ይሙቅ፤ ከሟሟች በኋላ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ላሟ ላይ ትድረስ። ላሟ መቆም የጀመረችበትን ሰዓት ጽፋችሁ ንገሩት፤ የኮርማውን ቁጥር ጠይቃችሁ ያዙ። ስትጠይቁ አዳቃዩ ቅር ቢለው እንኳ በአክብሮት ደግማችሁ ጠይቁ፤ የሚመጣው ጥጃ የእናንተ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለው የራሳችሁን ግዙ፤ ዋጋው ከአንድ ኩንታል ፉርሽካ ያንሳል።